ሊቀ መላእክት ስንት ነው?

ጥያቄ፦ «እዚሁ ጅማ፣ በወር በ12 በምናወጣው የሚካኤል ጽዋ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀረ። አንዱ ወንድማችን ‹መጽሐፍ ቅዱስ የመላእክት አለቃ የሚለው በነጠላ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አለቃው አንድ ነው፤ በዳንኤል 12 ይነሣል የተባለው ሚካኤልም ጌታ ራሱ ነው› አለ። ሌላው ‹የለም፣ ሰባት ሊቀ መላእክቶች አሉ› ብሎ መለሰለት። ቋንቋው ለማን ይፈርዳል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ሚካኤል ማን ነው የሚለውን ትርጓሜ ለጉባኤ ቤት መምህራን እተዋለሁ። ክርክሩ በሰዋስው ላይ ከቆመ ግን ያገባኛል፤ ከሁለቱ ወንድሞችዎ አንዱ ነጠላ ቁጥርን የማይችለውን ሸክም ሲያሸክመው፣ ሁለተኛው ደግሞ እውነቱን ይዞ «ሊቀ መላእክቶች» በሚል ቃል ሲያበላሸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከ«ሊቅ» እንጀምር። ቃሉ የወጣው አደገ፣ በዕድሜ ገፋ ከሚለው የግእዝ ግሥ ከ«ልህቀ» ነው፤ «ታላቅ»፣ «ትልቅ» እና «ላቀ» የምንላቸውም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ሊቅ በመጀመሪያ ሽማግሌ ነበር፤ ሽማግሌነቱ አለቃ አደረገው፣ አለቅነቱ ደግሞ ኋላ ዐዋቂ አሰኘው። የጥንቱ ትርጉም ዛሬም ሳንጠረጥረው ከአፋችን ይወጣል፤ «ከሊቅ እስከ ደቂቅ» ስንል ከምሁር እስከ መሃይም ማለታችን ሳይሆን ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ማለታችን ነውና። ይህ ሊቅ ዘርፍ ሲይዝ ሳድሱ «ቅ» ወደ ግዕዙ «ቀ» ተለውጦ ሊቀ ካህናት፣ ሊቀ ዲያቆናት፣ ሊቀ መንበር ይላል። ተናባቢው፣ ማለትም ሁለቱ ስሞች የተያያዙበት ይህ መልክ፣ የሚነግረን ማን በማን ላይ እንደ ተሾመ ነው እንጂ በዚያ ሹመት ስንት ሰው እንዳለ አይደለም። ማስረጃ ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የፓትርያርካችን ማዕረግ «ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት» ነው። ሊቅነት በራሱ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከበላዩ «ርእሰ» የሚል ቃል መጫን ለምን አስፈለገ?

የጅማ ሰው ነኝና ይህንኑ በጎረቤት ቋንቋ አየዋለሁ። ኦሮምኛ መልአክን «ኤርጋማ» ይለዋል፣ የተላከ ማለት ነው፤ ግእዝም መልአክን ያወጣው ላከ ከሚለው ከ«ለአከ» ነው። (በዚህ ምክንያት «መላእክት» በአልፋው አ እንጂ «መላዕክት» ተብሎ በዐይኑ ዐ አይጻፍም፤ ይህን እየጻፍሁ የማነበው ማስታወቂያ ሁሉ በዐይኑ መሆኑን ግን አልክድም።) ጎረቤቴን ሊቀ መላእክትን በኦሮምኛ ምን ትለዋለህ ብዬ ብጠይቀው «ሃንጋፈ ኤርጋሞታ» አለኝ። ሃንጋፋ የበኵር ልጅ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት ሃንጋፋ የለም። ወንድምዎ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ይኸው ቃል ወደ አማርኛ ገብቶ «አንጋፋ» ሲሆን ምን እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ አንጋፋ ጋዜጠኞች፣ አንጋፋ መምህራን እንላለን፣ ማንም የስንት ቤት በኵር ናቸው ብሎ አይጠይቅም። የልደት ተራን የሚናገር ቃል የማዕረግ ስም ከሆነ በኋላ ቁጥሩ ይፈታል፤ የሊቅም ታሪክ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተነሣው ክርክር እንሂድ። በነጠላ ቁጥር ላይ የሚመሠረቱት ሰዎች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ሊቀ መላእክት ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል «አርካንጌሎስ» በአዲስ ኪዳን የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ በይሁዳ 9 እና በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥16። ሁለት ጊዜ ብቻ የተጻፈን ቃል «በብዙ ቁጥር አልመጣምና ብዙ የለውም» ማለት ሁለት ቀን ጅማን ጐብኝቶ ዝናብ ስላላገኘው እዚህ አይዘንብም እንደሚል እንግዳ መሆን ነው። በይሁዳ ላይ ግሪኩ አመልካች መስተአምር (ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) አለው፣ በተሰሎንቄው ግን የለውም፤ ስለዚህ የተሰሎንቄው ሊተረጎም የሚችለው «በአንድ የመላእክት አለቃ ድምፅ» ተብሎም ጭምር ነው። አማርኛው «በመላእክት አለቃ ድምፅ» ብሎ ሁለቱንም ስለሚያስተናግድ የሚፈርድ መስሎ ከታየ ሳይፈርድ የቀረ ነው።

በዚሁ ጥቅስ ላይ ጌታ «በመላእክትም አለቃ ድምፅ» ይወርዳልና ድምፁ የእርሱ ነው፣ እርሱም የመላእክት አለቃ ነው የሚል ክርክር አለ። እዚህ ላይ «በ» የምትባለዋን መስተዋድድ ልብ ይሏል። ሙሽራው በዘፈን ገባ ስንል ዘፋኙ ሙሽራው ነው ያለ የለም፤ ንጉሡ በእምቢልታ ወጣ ስንልም ነፊው ንጉሡ አይደለም። «በጎርናና ድምፅ ተናገረ» ስንል ግን ድምፁ የተናጋሪው ነው፤ ይህን አምኜ እቀበላለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው ግሡ ነው፤ ጥቅሱ ደግሞ ይናገራል ሳይሆን ይወርዳል ይላል፣ አስከትሎም «በእግዚአብሔርም መለከት» ይላል።

ዳንኤል ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው ትርጉም ምዕራፍ 10፥13 ሚካኤልን «ከዋነኞቹ አለቆች አንዱ» ይለዋል። ዕብራይስጡም እንደዚያው ነው፤ «ሳር» (አለቃ) የሚለውን ቃል በብዙ ቁጥር አስቀምጦ ከእነርሱ «አንዱ» ይላል። ለእኔ የቋንቋው ፍርድ እዚህ ላይ ያበቃል። በቁጥር 20 የፋርስ አለቃና የግሪክ አለቃ ይጠቀሳሉ፣ በቁጥር 21 ሚካኤል «አለቃችሁ» ይባላል፤ «አችሁ» የሚለው ባለቤትነት የሌሎችንም አለቆች ያስባል። 12፥1 ላይ «ታላቁ አለቃ» መባሉ እርግጥ ነው። «ታላቁ» የታወቀ መሆኑን ያሳያል፣ ብቸኛ መሆኑን ግን አያሳይም፤ በየቤቱ ታላቁ ወንድሜ የሚል ሰው አለ፣ ያም ማለት ሌላ ወንድም የለኝም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሌላ ባይኖር ታላቅነቱ ከማን ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው አሳሳች ግን «ይነሣል» የሚለው ግሥ ነው። አማርኛ አንባቢ «ሚካኤል ይነሣል» ሲል ትንሣኤ ይሰማዋል፤ ከዚያም አልፎ በቀጣዩ ቁጥር በምድር ትቢያ ውስጥ ያንቀላፉት ስለሚነቁ ስሜቱ ይጸናል። ዕብራይስጡ ግን በአንዲቷ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያንኑ ግሥ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ «ስለ ሕዝብህ ልጆች የሚቆመው ... ይቆማል» ማለቱ ነው። ተርጓሚዎቹ ለመጀመሪያው «ይነሣል»፣ ለሁለተኛው «የሚቆመው» ብለው ለያዩት። በ11፥2 ሦስት ነገሥታት በፋርስ «ይነሣሉ» ሲልም ያው ግሥ ነው፤ እነዚያን የፋርስ ነገሥታት ከሙታን ያስነሣቸው ተርጓሚም ተከራካሪም አላየሁም። እኔ ብተረጉም ኖሮ «ይቆማል» እል ነበር። «ንጉሥ ተነሣ» የሚለው የአማርኛ ልማድ የቆየ መሆኑን ዐውቃለሁና ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ ቅር ብሎኝ ዝም እላለሁ።

የስሙ ነገር ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይፈልጋል። ባጭሩ ሚ፣ ካ፣ ኤል «እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ነቢዩ ሚክያስም በዚያው መንገድ የተሰየመ ነው። ስሙ መለኮትን ያመለክታል የሚሉ ሰዎች ዘኍልቍ 13፥13ን ያንብቡ፤ ምድረ ከነዓንን ከሰለሉት አንዱ፣ ከአሴር ነገድ የሆነው ሰው፣ የአባቱ ስም ሚካኤል ነው።

የቀረው የሁለተኛው ወንድምዎ «ሊቀ መላእክቶች» ነው። «መላእክት» ራሱ የ«መልአክ» ብዙ ቁጥር ነው፤ በላዩ «ኦች» መጨመር በብዙ ላይ ብዙ መደረብ ነው። ከዚህም ይብሳል፣ ሰባቱ የሚባሉት ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ሩፋኤል፣ ራጉኤል፣ ዑራኤል፣ ፋኑኤልና ሳቁኤል ከሆኑ የበዛው አለቃው እንጂ ጭፍራው አይደለምና ብዙ ቁጥሩ መውደቅ ያለበት በፊተኛው ቃል ላይ ነው፤ «ሊቃነ መላእክት»። ባለፈው ኅዳር ፈረንጅ አራዳ ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ደጃፍ «የሊቀ መላዕክቶች ክብረ በዓል» የሚል ባነር ሲደርቅ አይቼ ሁለቱን ስሕተት ለሠራተኛው ልጅ ነገርሁት። በትሕትና ሰማኝና «አባባ፣ ያስጻፉት ሰዎች አንብበው ፈርመውበታል» አለኝ። «ሊቀ መንበሮች» የሚለውን፣ ሊቃነ መናብርት ብዬ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ካስተማርኩ በኋላ፣ ትቼዋለሁ፤ ሬዲዮውም ጋዜጣውም ስብሰባውም ወስዶታል። ለሊቃነ መላእክት ግን ገና እጄን አልሰጠሁም።