ቀን ቀን እንቅልፍ ለሚጥላችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በነርቭ ሕክምና ያሳለፍኩ ሐኪም ነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ይበልጥ ያሳዘኑኝ ሕመሞች ታማሚው በታመመበት ነገር የሚወቀስባቸው ናቸው። ቀን ቀን ሳይፈልጉት እንቅልፍ የሚጥለው ናርኮሌፕሲ የተባለ ሕመም ከእነዚህ አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ትምህርቱ በሚከብድበትና ቤተሰብም ብዙ በሚጠብቅበት ወቅት ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ድፍት ሲል «ሰነፍ»፣ «እንቅልፋም» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ሕመሙ ከ2,000 ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል፤ ምን እንደያዛቸው ሳያውቁ ብዙ ዓመት የሚኖሩትም ጥቂት አይደሉም።

በቅድሚያ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ይህ ሕመም በአንጎል ውስጥ የሚለካ ጉድለት መሆኑን ነው። ሃይፖታላመስ በሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ውስጥ ኦሬክሲን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ባሉበት አንጎል ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ኖርአድሬናሊንን፣ ሂስታሚንንና ሴሮቶኒንን እያመነጩ ነቅተን እንድንውል የሚያደርጉት ማዕከላት ከሥራቸው እንዳይዘናጉ የሚያነቃቃቸው ይኸው ኬሚካል ነው። በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ባለው በር ላይ እንደተደረገ መቀርቀሪያ ቁጠሩት፤ እርሱ ሲጠፋ በሩ በሁለቱም በኩል በቀላሉ ይከፈታል። ለዚህም ነው ታማሚው ቀን ያለፈቃዱ የሚያሸልበው፣ ሌሊት ደግሞ እየባነነ የሚያድረው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የተኛው ቢደመር ከጤነኛው ሰው እምብዛም አይበልጥም።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ባፕቲስት ጄሊኖ ለሕመሙ ስም ያወጣለት በፈረንጆች 1880 ቢሆንም፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1998 ሁለት የምርምር ቡድኖች አንዱ ከሌላው ሳይማከር ያንኑ ኬሚካል አገኙ፤ በ1999 ተመራማሪው ኢማኑኤል ሚንዮና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዘር ናርኮሌፕሲ የሚይዛቸውን ዶበርማን ውሾች ሲያጠኑ ጉድለቱ ኬሚካሉን በሚቀበለው የሕዋስ ክፍል ላይ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የሌላው ተመራማሪ የማሳሺ ያናጊሳዋ ቡድን ኦሬክሲን የሌላቸው አይጦች ተመሳሳይ ሕመም እንደሚታይባቸው አሳየ። በ2000 ደግሞ ከናርኮሌፕሲ ጋር ኖረው ያረፉ ሰዎች አንጎል ሲመረመር ከእነዚህ ሕዋሳት ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተው ተገኙ። በሰዎች ላይ የሚያጠፋቸው በአመዛኙ የራስ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እንደሆነ ብዙ ማስረጃ ይጠቁማል። ይህን ያህል ጉድለት የተሸከመን ልጅ ቁጣና ተግሣጽ እንዴት ሊያነቃው ይችላል?

ከምልክቶቹ ሁሉ ሰው ይበልጥ የሚሳሳትበት ካታፕሌክሲ የሚባለው ድንገተኛ የጡንቻ መዛል ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቻችን ይዝላሉ፤ ኦሬክሲን ሲጎድል ይህ መዛል ነቅተን ሳለን ይመጣል፤ የሚቀሰቅሰውም ብዙ ጊዜ ሳቅ ነው። ጓደኛችሁ ከልቡ ሲስቅ ጉልበቱ ቢከዳው፣ አገጩ ቢወርድ፣ አንዳንዴም ቢወድቅና ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቢነሣ፣ የተባለውን ሁሉ ይሰማ እንደነበር ጠይቁት። ሰምቶ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ነው ወይም መንፈስ ይዞታል ብላችሁ አትደምድሙ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን አይተው። ዱካክ የምንለው፣ ነቅቶ መንቀሳቀስ ያለመቻሉ ነገር፣ በዚህ ሕመም ይበዛል፤ ለብቻው አልፎ አልፎ ሲመጣ ግን ጤነኛውንም ይይዛልና አያስደንግጣችሁ።

ቀን የሚያንቀላፋ ሁሉ ኦሬክሲን ጎድሎታል ማለትም አይደለም። ናርኮሌፕሲ ሁለት ዓይነት ነው፤ እስካሁን የነገርኳችሁ የኦሬክሲን ጉድለት የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን፣ ካታፕሌክሲ በሌለበት በሁለተኛው ዓይነት ግን ኬሚካሉ በአብዛኛው ልክ ነው። ከእናንተም የሚበዙት የሚያንቀላፉት በቀላሉ እንቅልፍ ስላነሳቸው ነው፤ በአፍላ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፣ ስልኩ ግን እኩለ ሌሊትን ያሳልፋል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት የምትተኙበትንና የምትነሡበትን ሰዓት፣ ቀን ያሸለባችሁበትንም ጻፉ። በቂ ተኝታችሁ እያደራችሁ ማንቀላፋቱ ለወራት ከቀጠለ፣ ያን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ነርቭ ሐኪም ሂዱ። የእንቅልፍ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ እንኳ በሳቅ ጊዜ ጉልበት መክዳቱን በትክክል ከነገራችሁት ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የጠፉትን ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ እንደ ሞዳፊኒል ያሉ ንቃት የሚጨምሩ፣ እንደ ቬንላፋክሲን ያሉ ካታፕሌክሲን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ግን አሉ። ጫት በእነዚህ ምትክ አይሆንም፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ይበልጥ ያበላሸዋል። ሕመሙ በሕክምና እስኪያዝ ድረስም መኪናም ሆነ ሞተር ሳይክል አትንዱ። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በታቀደ ሰዓት ማሸለብ ብዙዎችን ይረዳል፤ ፈተና ካለባችሁም የሐኪሙን ደብዳቤ ለመምህራችሁ አሳዩና ከፈተናው በፊት ለዚህ የሚሆን ጊዜ ጠይቁ።