ሥራ ሳይለቁ ቴሌኮም ማስተርስ፦ ውጭ ላሉ የድሬና የሐረር ልጆች

ቀን እየሠራችሁ ማታ የቴሌኮም ማስተርስ ለመማር ያሰባችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ከማማረጣችሁ በፊት አገር ቤት የቀረውን ወረቀት ጨርሱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ወረቀቱ) በጊዜ ስላልደረሰለት ነው።

ድሬዳዋም ሆነ ሐረማያ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይዘጋ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል። እጃችሁ ላይ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ግልባጭ) ለማመልከት ይረዳ ይሆናል፤ ለመጨረሻው ቅበላ ግን አይበቃም። ስለዚህ ለእህት ወይም ለወንድም ውክልና ላኩ። ለቤት ጉዳይ የሰጣችሁት የቆየ ውክልና ለዚህ አይሆንም፤ የወጪ መጋራት ክፍያ ፈጽሞ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) መውሰድ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስወጣትና ዋና ዲግሪ መረከብ የሚሉት በግልጽ ይጻፉበት። ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ካረጋገጠው በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቅረብ። ይህ ከተዘለለ ወንድማችሁ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ተመላልሶ ባዶ እጁን ይገባል።

ትራንስክሪፕቱን በሰው እጅ አስመጥታችሁ ራሳችሁ አትላኩት። ዌስን (WES) የመሰሉ የውጭ አገር ዲግሪ ገምጋሚዎች ሰነዱን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ነው የሚፈልጉት፤ እናንተ የከፈታችሁት ፖስታ ዋጋ የለውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። ሐምሌ 15 ቀን 2007 የተቀጠረ ሰው በፈረንጁ ጁላይ 22 ቀን 2015 ነው የጀመረው። 2007ን እንዳለ ቅጹ ላይ የሞላ ሰው ከመመረቁ በፊት ኢንጂነር ሆኖ ሲሠራ የነበረ ይመስላል፤ ፋይሉም እዚያው ይቆማል። የስማችሁ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑንም ፊደል በፊደል እዩ።

ወረቀቱ ጨርሶ ካልተሳካ ሌላ በር አለ። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ በሚሰጠው የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ፣ የመግቢያ ኮርሶቹን በ3.0 አማካይ ያለፈ ሰው ትራንስክሪፕት ሳይጠየቅ ይቀበላል።

አሜሪካ ማስተርሱ ባብዛኛው 30 ክሬዲት ነው። በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ ማለትም 6 ክሬዲት ከያዛችሁ አምስት ሴሚስተር ይፈጃል። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይበላል፤ 40 ሰዓት ሥራና ልጆች ያሉት ሰው የመጀመሪያውን ሴሚስተር በአንድ ኮርስ ይጀምር፣ አቦ፣ ሩጫው ረጅም ነው። ኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ላይ ያላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተር 9 ክሬዲት መያዝ አለባችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ 180 ክሬዲቱን በግማሽ ጊዜ በሁለት ዓመት ገደማ ትጨርሳላችሁ። አሠሪያችሁንም ጠይቁ፤ የአሜሪካ አሠሪ ለትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ መክፈል ይችላል። የሌሊት ሺፍት የምትሠሩ፣ ሌክቸሩ ይቀረጻል ወይ፣ ፈተናው በስንት ሰዓት ነው ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

ከትምህርት ቤት ከወጣ የቆየ ሰው ፎሪየር ትራንስፎርም (ሲግናልን በፍሪኩዌንሲ የሚተነትነውን ሒሳብ) ረሳሁ ብሎ ይሰጋል። በእኔ ግምት ግን ሰውን የሚጥለው ፕሮባቢሊቲ ነው፤ ኖይዝም (የሲግናል ረብሻ)፣ ፌዲንግም (የሲግናል መዋዠቅ)፣ የትራፊክ ስሌትም የሚቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ወር ስጡት። ከዲቢ (ዴሲቤል፣ የኃይል ብልጫን በሎጋሪዝም የሚለካ መለኪያ) ጋርም ተላመዱ። የ20 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ ሲግናሉ ከኖይዙ በ20 ዲቢ ቢበልጥ፣ 20 ዲቢ 100 እጥፍ ማለት ነው። የቻናልን ከፍተኛ ፍጥነት በሚሰጠው በሻነን ቀመር 100 ላይ 1 ይደመራል፤ የ101 ሎጋሪዝም በ2 መሠረት 6.66 ነው፤ በ20 ሲባዛ 133 ሜጋቢት በሰከንድ ይሰጣል። ዲቢውን ወደ እጥፍ ሳይቀይር 20ን እንዳለ የከተተ ሰው 88 ላይ ይቆማል፤ ስህተቱንም አያየውም።

ወደ አገር ለመመለስ ካሰባችሁ፣ በተለይ ትምህርቱ በኦንላይን ከሆነ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ የአቻ ግምቱን (ዲግሪው ከአገር ውስጡ ጋር እኩል ተደርጎ የመቆጠሩን) ነገር ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ለመመረቂያ ሥራ የኦፕሬተር (የቴሌኮም ድርጅት) ዳታ የሚጠይቅ ርዕስ አትምረጡ። ዳታው ሲጠበቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። ለሁሉም ክፍት በሆነ ዳታ የሚሠራ ርዕስ ይሻላል፤ የእኛ አገር መሬት ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በአየር መስመር የሚራራቁት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎ ጋራ መሃል ስለቆመ ግን በቀጥታ አይተያዩም፤ ማይክሮዌቭ ሊንኩ (ሁለቱን ከተሞች በሬዲዮ ሞገድ የሚያገናኘው መስመር) ጋራው አናት ላይ ማቀበያ ይፈልጋል። በ7 ጊጋኸርዝ 20 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ሊንክ በአየር ላይ ብቻ 135 ዲቢ ያጣል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ 6 ዲቢ ይጨመራል። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ስትወጡ ዝናቡም ይገባበታል። የመሬቱን ቁመት ከናሳ የኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ የመሬት ከፍታ) ዳታ በየ30 ሜትሩ በነፃ ታገኛላችሁ፤ ስሌቱን ደግሞ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ፒ.530 (ስለ ማይክሮዌቭ ሊንክ ስሌት የወጣው) ሥሩት። ርዕሱን ለአማካሪያችሁ ስታቀርቡ ከድሬ እስከ ሐረር ያለውን የመሬት ቁመት የሚያሳይ ግራፍ በአንድ ገጽ አያይዙ፤ ደንገጎን ያላየ ፕሮፌሰር ችግሩ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።