የመታወቂያው ወረዳ ሌላ፣ የምርጫ ክልሉ ቁጥር ሌላ

ጥያቄ፦ የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለው የወረዳ ቁጥርና በ2013 ዓ.ም. በተሰጠኝ የመራጭነት ካርድ ላይ ያለው የምርጫ ክልል ቁጥር አይገናኙም። ስህተት ይሆን? ከፒያሳ ተነሥተው ሌላ ክፍለ ከተማ የገቡት ጎረቤቶቼስ የት ይመርጣሉ?
(አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ካርድዎ ላይ ስህተት የለም። ሁለቱ ቁጥሮች የመጡት ከተለያየ አከላለል ነው። በ1987ቱ ምርጫ ዘመን አዲስ አበባ በ28 ወረዳዎች የተከፈለች ነበረች፤ የምርጫ ክልሎቹም ቁጥራቸውን ከእነዚያ ወረዳዎች ወረሱ። ከተማዋ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት መቀመጫ ግን 23 ብቻ ነው። ቁጥሩ እስከ 28 ቢዘልቅም የምርጫ ክልሎቹ 28 ያልሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫም በእነዚሁ በ23ቱ ላይ ስለሚደለደል ለእያንዳንዱ 6 ይደርሰዋል።

በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ የድሮዎቹ ወረዳዎች ቀሩ። ኋላ ላይ ቀበሌዎቹ ራሳቸው “ወረዳ” ተባሉና በየክፍለ ከተማው ከ1 ጀምረው ተቆጠሩ። ከዚያ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛ ሆነ። የአስተዳደሩ ወሰን እንዲህ ሲቀያየር የምርጫ ክልሎቹ በድሮው መሠረታቸው ቀጠሉ። ዛሬ “ወረዳ 1” ሲባል የየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው፤ የምርጫ ክልል ቁጥር ግን በከተማዋ አይደገምም።

የምርጫ ክልልን ወሰን ክፍለ ከተማ አይነካውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት ሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ በውጤቱም ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያኔ እንኳ ኮልፌ ቀራንዮ ከ428 ሺህ በላይ፣ ልደታ ከ201 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ከመሀል ከተማ ስንቱ ሰፈር ፈርሶ ሰዉ ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ! ሰዉ ሄዶ መስመሩ ሲቀር የመሀሉ ድምፅ ይከብዳል፣ የዳሩ ይቀላል። ይህ ለመራጩ ፍትሐዊ አይደለም፤ ቆጠራው ከዚህ በላይ መዘግየት የለበትም።

የምርጫ ወሰን ከአስተዳደር ወሰን መለየቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም የምርጫ ወረዳዎች የአስተዳደር ወሰን ሳይታይ እያንዳንዳቸው በተቻለ መጠን 200 ሺህ ሕዝብ እንዲይዙ ያዝዝ ነበር።

ጎረቤቶችዎ የሚመዘገቡት አሁን በሚኖሩበት ምርጫ ክልል ነው፤ እዚያ ቢያንስ 6 ወር የኖሩ መሆን አለባቸው። ብዙዎች የሚሳሳቱት የድሮ መታወቂያቸውን ይዘው ወደ ድሮው የምርጫ ጣቢያ በመሄድ ነው። አስቀድመው የአዲሱን ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ ያውጡ። ሲመዘገቡም የምርጫ ክልሉን ቁጥርና የጣቢያውን ስም ከካርዱ ላይ ያረጋግጡ፤ ድምፅ የሚሰጡት በተመዘገቡበት ጣቢያ ብቻ ነው።