ሻለቃ አያታችሁን ጠይቋቸው

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ደሴ ላይ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። በየሰፈራችን፣ በሆጤም በሰኞ ገበያም፣ በቀድሞው ጦር መኮንን የነበሩ አዛውንቶች አሉ። ታሪካቸውን ሳይናገሩ እያለፉብን ነው።

ብዙዎቹን «የደርግ ወታደር» ብለን እንዘጋቸዋለን። ግን ከመካከላቸው ደርግ ከመምጣቱ በፊት በንጉሡ ዘመን የሰለጠኑ አሉ። አንዱ ሆለታ የጦር ትምህርት ቤት፣ ሌላው ሐረር ጦር አካዳሚ ነው የገባው። ሆለታ በ1927 የተከፈተው በስዊድን መኮንኖች እገዛ ነው። ሐረር ደግሞ አስተማሪዎቹ ሕንዶች ነበሩ። አያታችሁ በየትኛው በር ገቡ? ከዚህ ጀምሩ።

«ስንት ሰው ገደሉ?» ብላችሁ አትነሱ። ይህን ጥያቄ ሰምተው ለዘለዓለም ዝም ያሉ ሰው አውቃለሁ። የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ጠይቁ። ምሽግ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ የት ይተኙ እንደነበር ጠይቁ። የመቶ መሪ ሳሉ ከሥራቸው የነበሩትን ልጆች ስም ጠይቁ። አንድ የኩታበር ሰው፣ ጡረተኛ ሻምበል፣ ስለ ውጊያው አንድ ቃል አልነገሩኝም ነበር። የወታደሮቻቸውን ስም ስጠይቃቸው ግን እስከ ምሽት አወሩ። አብረን አለቀስን።

የሚነግሯችሁን ዘመን አረጋግጡ። ሰው ሲያረጅ ቅደም ተከተሉ ይደባለቅበታል። ለምሳሌ በኤርትራ ግንባር የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የዕዙ መቀመጫ አፋቤት ስለወደቀ ተረሸኑ የሚል ሰው ታገኛላችሁ። እሳቸው የተረሸኑት በየካቲት 1980 ነው። አፋቤት የወደቀው በመጋቢት ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። ግንባሩ አዛዡን በገዛ መንግሥቱ እጅ ካጣ ወር ገደማ በኋላ ነው የተሰበረው። በቀጣዩ ዓመት፣ ግንቦት 8 ቀን 1981፣ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። አያታችሁ ያን ቀን የት ነበሩ? ዜናውን በሬዲዮ ሰሙ ወይስ ከአለቃቸው?

ጀግና ብቻ አድርጋችሁም አትጻፏቸው። ወጣቶች ከገበያ ሲታፈሱ ምን አሰቡ? በሰኔ 1980 የሐውዜን ገበያ ከአየር ሲደበደብ ወሬው እሳቸው ጋ እንዴት ደረሰ? በ1977 ወሎ ስትራብ ደብዳቤ ከቤት ይደርሳቸው ነበር? ይህን የምትጠይቁት ለመክሰስ አይደለም። መልሱ ቢከብዳቸው ጠብቁ። ሌላ ቀን ይመለሱበታል።

ወሎ ደግሞ የሁለቱም ወገን አገር ናት። ደርግን በትጥቅ የታገለው ኢሕዴን (የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) የተመሠረተው በኅዳር 1973 ዋግ ውስጥ ነው። አንዱ ወንድም በጦሩ፣ ሌላው በኢሕዴን ተሰልፎ በአንድ ድንኳን ለቅሶ የተቀመጡበትን ቤት አይቻለሁ። ሁለቱም በሕይወት ካሉ ሁለቱንም ጠይቁ፤ ግን ለየብቻ። ፊት ለፊት ሲሆኑ ይተፋፈራሉ፣ እውነቱም ይቀራል።

በግንቦት 1983 ኢሕአዴግ ደሴ ሲገባ ሰነዳቸውንና ዩኒፎርማቸውን በፍርሃት ያቃጠሉ አሉ። የተረፈውን ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ከነቤቱ ያጡ አሉ። ስለዚህ ለብዙዎቹ የቀረው ማስረጃ አንደበታቸው ነው።

አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅዱ። በመጀመሪያው ደቂቃ ቀኑን፣ ቦታውንና ሙሉ ስማቸውን አሰሙ። ክፍለ ጦራቸውን፣ ብርጌዳቸውንና ሻለቃቸውን በትክክል ጻፉ፤ ይህ ከሌለ ነገ ማንም ከሌላ ምስክርነት ጋር ሊያገናኘው አይችልም። ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡ፤ ቀንና ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ለቤተሰቡ አንድ ቅጂ ስጡ። እሳቸው ከፈቀዱ ሌላውን ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን አሳዩ። ያልፈቀዱትን ክፍል ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ደፍረው የነገሯችሁ እናንተን አምነው ነው።