ጂቲኤ 5 ለሚቆራረጥበት ወንድማችን፦ ሴቲንጉን ከመንካትህ በፊት ራምህን እይ

ቅድም «ኮር አይ 5 ላፕቶፕ አለኝ፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ጂቲኤ 5 እየቆራረጠ አስቸገረኝ፣ የቱን ሴቲንግ ልቀንስ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔም እዚሁ ጎንደር ማራኪ ካምፓስ ነኝ፣ ላፕቶፔም እንዳንተው ካርድ የለውም፤ ራይዘን 5 3500ዩ ነው፣ ግራፊክሱ ቬጋ 8። «ሁሉንም ሎው አድርገው» ብለው የመለሱልህን አይቻለሁ። እሱ ብቻውን አያወጣህም። እኔን ብዙ ብር ያስወጣኝን ነገር ልንገርህና አንተ እንኳን ትረፍ።

1. ራምህ ስንት ፍሬ ነው? ስንት ጊጋ አላልኩህም፣ ስንት ፍሬ፤ ስሎቱ (መሰኪያው) ላይ ስንት ራም ተሰክቷል ማለቴ ነው። ታስክ ማናጀር ክፈት፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ንካ፣ ወደ ታች «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል ታገኛለህ። «1 ኦፍ 2» ካለህ ችግርህ እሱ ጋ ነው። የኛ ዓይነት ላፕቶፕ ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንዱን ራም ይሻማል። 2400 የሚል ዲዲአር 4 ራም አንድ ፍሬ ሲሆን በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ሁለት ፍሬ በሁለቱ ስሎት ሲገባ 38.4። ጂቲኤክስ 1050 የሚባለው ርካሽ ካርድ እንኳ ለብቻው 112 አለው። ድሮም ያለን ትንሽ ነው፣ በአንድ ፍሬ ደግሞ ግማሹን እናጣለን።

የኔ ሲገዛ 4 እና 4 ሆኖ ነበር የመጣው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት «16 አድርጉልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። ሁለቱንም ነቅለው አንድ 16 ሰክተው መለሱልኝ። ቤት ገብቼ ጌሙን ስከፍተው፣ 30ዎቹ ውስጥ ይሄድ የነበረው ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) 20 ለመድረስ ያምጣል። ራሙ እጥፍ ሆኖ ጌሙ ወረደ! ይዤው ተመለስኩ። ሰውዬው ስክሪኑን ዞር ብሎ ሳያይ «ጨመርንልሽ እንጂ ቀነስንብሽ? ደግሞስ ላንቺ ጌም ምን ያደርግልሻል?» አለኝ፣ ያ ሁሉ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ። ታስክ ማናጀሩን ከፍቼ «1 ኦፍ 2» የሚለውን በጣቴ አሳየሁት። «ዋናው ጊጋው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። በሉ የድሮዎቹን ስጡኝ ስል ተሽጠዋል። የኔን ንብረት፣ ሳይጠይቁኝ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌላ ሱቅ ሄጄ 16ቷን በሁለት 8 ለወጥኩ፣ ልዩነቱን ከኪሴ ጨምሬ። ጌሙ ወዲያው ተስተካከለ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ተሻለ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፔን ለማንም አልሰጥም፣ ራሴ ነኝ የምፈታው። የዶርም ልጆችም ዛሬ ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

አንተም አንድ ባለ 8 ከሆነ ያለህ፣ ፍጥነቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ 8 ጨምርበት። 4 ብቻ ካገኘህም ግድ የለም፣ እኩል የሆነው ክፍል በሁለት መስመር ይሠራልሃል። ሲሰክቱልህ ግን አጠገባቸው ቁም፣ ያለውን እንዳያወጡብህ። አንዳንድ ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ከመግዛትህ በፊት ሞዴሉን አጣራ።

2. ሪዞሉሽን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚሳለው የነጥብ ብዛት። 1920 በ1080 ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው፣ 1280 በ720 ደግሞ 921,600። ግራፊክሱ ላይ የሚወድቀው ሥራ ከግማሽ በታች ይሆናል። መጀመሪያ የምትነካው ሴቲንግ ይህ ይሁን። ከዚያ ኤምኤስኤኤን (የምስሉን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን) አጥፋ፣ ሻዶና ግራስን (ጥላና ሳሩን) ኖርማል አድርግ፣ አድቫንስድ ውስጥ ያለውን ኤክስቴንድድ ዲስታንስ ስኬሊንግ (ሩቅ ያለውን ነገር በዝርዝር የሚያሳየውን) ዜሮ አድርሰው። ስትሞክረው ታዲያ ከተማው ውስጥ ብቻ አትንዳ። ከከተማ ወጥተህ ሳሩ የበዛበት ገጠር ሂድ፣ ላፕቶፑ የሚፈተነው እዚያ ነው። ቴክስቸርንም (የነገሮቹን ገጽታ) ኖርማል ላይ አድርገው፣ ጂቲኤ 5 ላይ ከሱ በታች የለም። አዳዲስ ጌሞች ላይ ኤፍኤስአር የሚል ካገኘህ አብራው፣ ምስሉን በትንሽ ሪዞሉሽን ሠርቶ የሚያሳድግ ነው። የኤኤምዲ ነው ብለህ አትለፈው፣ ኢንቴል ላይም ይሠራል።

3. ኤፍፒኤሱን 30 ላይ ቆልፈው። ይህን ስል የሚስቁ ልጆች አሉ። ግን የኛ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ 15 ዋት ነው የሚሰጠው፣ እሱንም ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ይካፈሉታል። አንዴ 45 አንዴ 18 ከሚዘል ጌም ረግቶ 30 የሚሄድ ጌም መቶ ጊዜ ይሻላል። ጂቲኤ 5 ላይ ቪሲንክን (ጌሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን) ሃፍ አድርገው፣ ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነ በትክክል 30 ላይ ይይዝልሃል።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ ሞክረህ ተንቀጠቀጠ ብለህ ሴቲንግህን አትቀያይር፣ በባትሪ ሲሆን ዊንዶውስ ራሱ ኃይል ይቀንሳል። ቻርጀርህም ቅያሪ ከሆነ ተጠንቀቅ። ለምሳሌ ዴል ላፕቶፕ ቻርጀሩን ካላወቀው ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ሲበራም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያወጣል። አንድ ልጅ ይህን ጽሑፍ ሁልጊዜ ኢንተር እያለ ሲያልፈው ኖሮ ዊንዶውሱን ፎርማት ሊያስደርግ ገንዘብ ይዞ ሲወጣ ነው ያስቆምኩት። ከጓደኛው ኦርጅናል ቻርጀር ተውሶ ሲሰካው ጌሙ ተስተካከለ።

አሁን ታስክ ማናጀሩን ክፈትና የሜሞሪውን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ኮሜንት ላይ ለጥፍልን። የላፕቶፑን ሞዴልም ጻፍ፣ ምን ዓይነት ራም እንደምትገዛ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ለማንም ጥገና ቤት ብር እንዳትከፍል።