ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ አስቡለት

ባለፈው ሰሞን በአንድ የኮምፒውተር ሳይንስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ኢንስቲትዩት የሚያስተምር ወጣት የዓመቱን የምርምር ሥራዎቻቸውን ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝ። «ጋሼ፣ እንዴት ያዩታል?» ይላል ከሥሩ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ደስ አለኝ። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ዝርዝር ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። የቡና ቅጠል በሽታን በስልክ ካሜራ ስለ መለየት፣ ስለ ሶላር ፓምፕ፣ ስለ አማርኛ ንግግር። ርዕሶቹ ያጓጓሉ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ኮዱን ብፈልግ የለም። ዳታውን ብፈልግ «ሲጠየቅ ይሰጣል» ይላል። ከጸሐፊዎቹ ለሁለቱ ኢሜይል ጻፍኩ፤ የአንደኛው ተመልሶ መጣ፣ ሁለተኛው እስካሁን ዝም እንዳለ ነው።

ለልጁ «በርቱ» ብዬ መለስኩለት። የሆዴን አልነገርኩትም። እንግዲህ የሆዴን ልጻፍ፤ ለእሱም፣ ዘንድሮ ቴሲስ ለምትጀምሩትም።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። የማስተርስ ሥራዬ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር ላይ ስለሚባክን ኃይል ነበር። ወራት ሙሉ ቆጣሪ እያነበብኩ በደብተር ጻፍኩ፤ ፀሐዩ፣ አቧራው፣ «ደብዳቤ ካላመጣህ አትገባም» የሚለው ዘበኛ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ፎርትራን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ጻፍኩ። ዲፌንሱ አማረ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሳን። ቴሲሱ በጥቁር ሽፋን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ፕሮግራሙን ግን አባሪ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የፎቶ ኮፒ ብር ቆጥቤ። አንድ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር የነበረው።

ከ15 ዓመት ግድም በኋላ አንድ ተማሪ መጣ። ያኔ የለካሁትን ከዛሬው ጋር ማወዳደር ፈልጓል። ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን ስንፈልግ ሰነበትን፤ ማሽኑ ሲገኝ ዲስኩ ሻግቷል። ልጁ ምንም አላለኝም። አመስግኖኝ ወጣና ከዜሮ ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለተማሪዎች በአማርኛ የተየብኳቸውን ማብራሪያዎች ስከፍት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆነው ወጡ። የዚያን ጊዜ የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ነበር የሚወክሉት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተየበ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ የማይነበብ ፋይል አለው።

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 እና 1970 ሮናልድ ሮረር የሚባል መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ «የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚያሰላ ፕሮግራም እንጽፋለን» አላቸው። ውጤቱን የሚፈርደው ሌላ ፕሮፌሰር ነው፤ ዶናልድ ፔደርሰን። እሱ ከወደደው ሁሉም ያልፋሉ፣ ካልወደደው ሁሉም ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራም ስሙ «ካንሰር» ነበር። አዎ፣ እንደ በሽታው፤ የረጅም ስም ምህጻረ ቃል ነው፣ መሐንዲስ ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ላሪ ኔግል ነበር። ፔደርሰን ታዲያ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለ፦ ፕሮግራሙ ማንም ያለ ገደብ የሚወስደው ካልሆነ አይሆንም። ስለዚህ ኔግል እንደገና ጻፈውና «ስፓይስ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ፣ ዋተርሉ ላይ በተደረገ ጉባኤ አቀረቡት።

ለፈለገ ሁሉ ተሰጠ። ኩባንያውም ወሰደው፣ ዩኒቨርሲቲውም ወሰደው፣ ስህተት ያገኘ አረመው፣ የጎደለውን ጨመረበት። እናንተ ለላብ ሪፖርት ሌሊት የምትጫኑት የሰርኪዩት መሞከሪያ ፕሮግራም፣ ፕሮቲየስ ወይም ኤልቲስፓይስ፣ ዘሩ ከዚያ ክፍል ነው። ከ50 ዓመት በኋላ! ያን ጊዜ ጎረቤት ቢሮ ውስጥ ስንት ጥሩ ጥሩ ጽሑፍ ወጥቶ ይሆናል፤ ማን ያስታውሰዋል? እዚያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010 ሪስክ ፋይቭን ሲጀምሩም መንገዱ ያው ነበር፤ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚታዘዝባቸውን መመሪያዎች ስብስብ ለማንም ክፍት አደረጉት።

«ጋሼ፣ እሱ አሜሪካ ነው፣ ብር አላቸው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ወደ አማርኛ እንምጣ። ሰለሞን ተፈራ አባተ ጀርመን፣ ሐምቡርግ ሆኖ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮምፒውተር የአማርኛ ንግግር እንዲለይ ማስተማሪያ የሚሆን የድምፅ ዳታ አዘጋጀ። 100 ሰዎች ያነበቡት፣ 20 ሰዓት የሚሆን ድምፅ ነው ለማሠልጠኛ የቀረበው። ዛሬ 20 ሰዓት ሲባል ትስቁ ይሆናል። ግን ዳታው ዓመታት ቆይቶ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ያሉ ተመራማሪዎች እጅ ገባ፤ እነሱም በነጻ ለሁሉም አወጡት። ይኸው አሁን ማንም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዋይፋይ ካገኘ ያወርደዋል።

የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሰዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩትም አለ፤ የታተመ አማርኛን ኮምፒውተር እንዲያነብ ለማስተማር። 337,337 የመስመር ምስሎች። ከእነዚህ 40,929ኙ ከእውነተኛ የታተመ ወረቀት የተወሰዱ ሲሆኑ የቀሩት በኮምፒውተር የተፈበረኩ ናቸው፤ ይህንንም ለይተው ጻፉት። ይቺን «ለይተው ጻፉት» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከኋላ የሚመጣው ሰው የቱ እውነተኛ፣ የቱ ሰው ሠራሽ እንደሆነ ካላወቀ ቁጥሩ ምን ይሠራለታል?

እኔም ለመምህር የማዕረግ እድገት የሚቆጠረው በጆርናል የታተመ ወረቀት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቆጥሬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ወረቀት አትጻፉ አልላችሁም። ጻፉ። ለዚያ በየቀኑ «ውድ ታዋቂ ፕሮፌሰር» እያለ ኢሜይል ለሚልክና በ3 ቀን ውስጥ አትማለሁ ለሚለው ጆርናል ግን ዶላር አትክፈሉ። አንድ ጊዜ ከፍዬ አውቃለሁ። ዛሬ ድረ ገጹም የለም፣ ወረቀቴም የለም፣ ዶላሩማ ጭራሽ።

ሥራችሁ ሲያልቅ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። ከታች ካለው ክፍል አንድ ልጅ ጥሩና ኮዱንና ዳታውን ስጡት፤ በራሱ ላፕቶፕ ያስነሳው። እናንተ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን አጣጥፉ፣ አፋችሁንም ያዙ። የሚደናቀፍበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ጻፉ። «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» ማለት ክልክል ነው። ያ ወረቀት ከኮዱ ጋር የሚቀመጠው ማብራሪያ ይሆናል፤ ሰው ከቤቱ ሆኖ አስቦ ከሚጽፈው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ ዳታውን በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡት፣ ሁለት ሦስት ቦታ። አምፒር ይሁን ሚሊ አምፒር ጻፉ። የሰው ድምፅ ወይም የሕመምተኛ መረጃ ከሆነ ባለቤቱ ያልፈቀደውን እንዳታወጡ።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ መብራት የጠፋባቸውን ሰዓታት በአማካይ ቁጥር ሞልቶ ያመጣ። ግራፉ እንደ ሐር ለስላሳ ነው። «ይሄ መስመር በቀን ስንት ጊዜ ይጠፋል?» አልኩት። አላወቀም፤ ደምስሶታላ! ለሚቀጥለው አጥኚ ከለካው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ያልተሳካላችሁንም ሙከራ ጻፉት፣ ልጆቼ፤ ሦስት ወር ያባከናችሁበትን መንገድ ሌላው በሦስት ደቂቃ አንብቦ ይለፈው። ሌሊት የላብራቶሪውን ቁልፍ ይዞ የጠበቃችሁን ቴክኒሻንም በስሙ አመስግኑት፤ እኔ ረስቼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ እኔ ዳታ ደግሞ፣ አምና እህቴ ቤት ሲጸዳ ከአንድ ሣጥን ሥር ያ የቆጣሪ ደብተር ወጣ። ፕሮግራሙ የለም፣ ቁጥሮቹ ግን አሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አያጣም፤ ማታ ማታ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ያን ከዜሮ የጀመረ ልጅ አፈላልጌ ደወልኩለት፤ አሁን እሱም መምህር ሆኗል። ሳቀብኝና «ይላኩልኝ» አለ። 40 ገጽ ደርሻለሁ፤ ችግሩ የእጅ ጽሑፌን እንኳን ማሽን እኔም አላነበው አልኩ፣ ስድስቱና ዜሮው አንድ ናቸው። የማልለየውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት እያለፍኩት ነው።