«ወንድሜ መድኃኒቱን በሻንጣ ልላክ ይላል»

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ለስኳር ክትትል ደም ሲሰጡ ነጭ የደም ሴላቸው በዝቶ ተገኘ። ሲጣራ ሲ.ኤል.ኤል የሚባል ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነው ተባልን። ሐኪሙ ግን «በየሦስት ወሩ እየመጡ ይታዩ» ብሎ ያለ መድኃኒት ሸኘን። እኛ ቤት እንቅልፍ የለም። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ሪቱክሲማብ የሚባል መርፌ አለ፣ ገዝቼ በሰው ሻንጣ ልላክ ይላል። ምን ይሻለናል?
ት.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውዪና «ቆይ» በዪው። ለአባቱ ተጨንቆ ነው፣ ይገባኛል። ግን ይሄ መድኃኒት የሻንጣ ዕቃ አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሆነ አበቃለት፣ መናወጥም አይወድም። ብልቃጡን አይተሽ ተበላሽቶ እንደሆነ መለየት አትችዪም።

ሐኪሙ ደግሞ አባትሽን ችላ ብሎ አይደለም። ሲ.ኤል.ኤል ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚይዝና እንደ አባትሽ በሌላ ምርመራ ሰበብ የሚገኝ በሽታ ነው። ምልክት ሳያሳይ ቀድሞ ማከም ዕድሜ እንደማያስረዝም በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ጭራሽ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው የሚኖሩም አሉ። «ካንሰር ነው፣ ግን ጠብቁ» መባል ከባድ ነው፤ ሐኪሞችም ምክንያቱን ቁጭ ብለው ቢያስረዱ ስንቱ ቤት በሰላም ያድር ነበር።

የነጭ ሴሉ ቁጥር መብዛት ብቻውን ሕክምና አያስጀምርም። ደም ማነስ ከመጣ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከወረደ፣ የአንገትና የብብት ንፍፊት ወይም ጣፊያ በጣም ካበጠ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ካለ፣ ሳይፈልጉት ከከሱ ወይም ቁጥሩ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ እጥፍ ከሆነ ግን ያኔ ነው ወሬው የሚጀመረው።

አሁን ወደ መርፌው። ሪቱክሲማብ አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን ጀርም ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ነው። በ1975 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ውስጥ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ፤ በ1984ም ኖቤል ተሸለሙበት። ሞኖክሎናል የሚባሉት መድኃኒቶች የዚያ ዘዴ ልጆች ናቸው። ሪቱክሲማብ ቢ ሴል በሚባለው፣ በሲ.ኤል.ኤል ካንሰር በሚሆነው ነጭ የደም ሴል ላይ ያለውን ሲዲ20 የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ የሰውነት መከላከያ ሴሉን አይቶ ይገድለዋል። ጤነኛውንም ቢ ሴል አይምርም፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ይቀናል።

አሜሪካ ውስጥ ሪቱክሲማብ በ1997 ለሊምፎማ፣ በ2010 ደግሞ ለሲ.ኤል.ኤል ተፈቀደ፤ ግን ከኬሞ (የካንሰር ሴል ከሚገድል ሌላ መድኃኒት) ጋር ተጣምሮ ነው። ሲ.ኤል.ኤል ሴሎች ላይ ሲዲ20 ሳሳ ስለሚል ለብቻው ብዙም አይሠራም። ወንድምሽ ልላክ ያለው ለብቻው ነው አይደል? አብሮት የሚሰጠው ፍሉዳራቢን የተባለው ኬሞ ደግሞ ለ71 ዓመት ሰው ይከብዳል። አሁን አቅም ባለበት አገር ኦቢኑቱዙማብ የተባለውን አዲሱን አንቲቦዲ ቬኔቶክላክስ ከሚባል እንክብል ጋር ይሰጣሉ፤ ይህ ጥምረት በ2019 የተፈቀደ ሲሆን አንድ ዓመት ገደማ ተወስዶ ይቆማል። ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ነው። የሪቱክሲማብ አቻ መድኃኒቶች ከ2007 ጀምሮ ሕንድ ውስጥም ይመረታሉ፣ እነሱ ረከስ ይላሉ።

የሕክምናው ቀን ከመጣ ከሁሉም በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይሠራላቸው። ይሄን እባክሽ አትርሺው። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህ አንቲቦዲዎች ይቀሰቅሱትና ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። እኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚኖረው። ምርመራው ደግሞ ሁለት ነው፣ የላይኛው አንቲጅን (HBsAg) እና የኮር አንቲቦዲ (anti-HBc)። የመጀመሪያው ብቻ ተሠርቶ «ነጻ ናቸው» ቢሏችሁ ሁለተኛውንም ጠይቁ። ቫይረሱ ከተገኘ ሕክምናው ይቀራል ማለት አይደለም፤ መከላከያ እንክብል አብሮ ይሰጣል፣ አንቲቦዲው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል።

በካንሰር ሴሎቹ ውስጥ 17ፒ የሚባለው የክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ክፍል መጉደሉንም ቀድመው ይዩላቸው። ከጎደለ ኬሞና ሪቱክሲማብ ብዙም ስለማይረዳ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት አሁን ቢወስዱ ጥሩ ነው፤ አንቲቦዲው ከገባ በኋላ ክትባት አይይዝም።

የመጀመሪያው ቀን መድኃኒቱ እንደ ጉሉኮስ ቀስ እያለ ለሰዓታት ይንጠባጠባል። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ቀድሞ ፓራሲታሞልና የአለርጂ መድኃኒት ይሰጣል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የዚያን ቀን ጠዋት ይዋጥ ወይስ ይቆይ ብላችሁ ጠይቁ። ቤት በመጣ ነርስ ግን በፍጹም አይሰጥም።

ጥያቄ፦ እኔም ሥር የሰደደ የደም ካንሰር አለብኝ፣ ግን የእኔ ሲ.ኤም.ኤል ነው። በየቀኑ ኢማቲኒብ እውጣለሁ። ክኒኑ ሰለቸኝ። ወደ አንቲቦዲ መርፌ መቀየር አልችልም?
ከጅዳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ያንተ የመጣው የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ቦታ ተለዋውጦ በፈጠረው የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ ኢማቲኒብ ቀጥታ እሱን ነው የሚያስቆመው። የሲዲ20 አንቲቦዲ ለዚህ አይረዳህም። ክኒኑ ከ2001 በፊት ለነበሩ ሕመምተኞች የማይገኝ ነገር ነበር። የሰለቸህ በማቅለሽለሽ ወይም በእግር ቁርጠት ከሆነ ለሐኪምህ ንገረው፣ ሌሎች የዚሁ ዓይነት ክኒኖች አሉ። በራስህ አታቋርጥ፣ በደምህ የቀረውን በሽታ የሚለካውን የሦስት ወሩን የፒ.ሲ.አር ምርመራም አታሳልፍ።